የሚስቴ ወፍ

ካሜራውን የገዛሁት የሥራ ዘመኑን ጨርሶ አገሩ ሊገባ ጓዙን ከሚሸጥ ሩሲያዊ መምህር ላይ ነው። በደርግ ጊዜ በባሕር ዳር አንድ ሩሲያዊ ሊሄድ ነው ከተባለ ቤቱ ገበያ ይሆናል፤ አንዱ ማቀዝቀዣውን፣ አንዱ የብረት አልጋውን፣ አንዱ ራዲዮኑን ለመግዛት ይጎርፋል። እኔ የሄድሁት ለብስክሌቱ ነበር። ስደርስ ተሸጧል። ሰውየው ባዶ እጄን መመለሴ ከብዶት ነው መሰለኝ አስቀመጠኝና ሻይ ቀዳልኝ፤ ከዚያ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ካሜራና ክንድ የሚያህል ሌንስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"አንተ ወፍ ይወዳል?" አለኝ።

ወፍ ወድጄም ጠልቼም አላውቅም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ቀለም ስመዝንና ስበጠብጥ የምውል ሰው ነበርሁ። ግን የሰው ሻይ እየጠጡ "አልወድም" አይባልም። "በጣም" አልሁት።

የወፍ መጽሐፍ ገለጠና አንዲቷን በጣቱ ነካ አደረጋት። ድንቢጥ ብታክል ነው። ቡናማ ላባዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፤ መንቁሯ እንደ ወስፌ ቀጥኖ ጫፉ ጎበጥ ይላል። የተሳለችው የዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፋ ስለነበር የቱ ወፍ የቱ ቅርፊት እንደሆነ ለመለየት መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ማዞር ነበረብኝ። ሰውየው ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ባለው ደብር ደን ውስጥ እንዳያት፣ ባሕር ዳር በኖረበት ዘመን ሁሉ እሑድ እሑድ ቢመላለስም ፎቶ ሊያነሳት እንዳልቻለ በአፉም በእጁም አስረዳኝ። "አሸነፈኝ" አለ። ካሜራውን ያስገዛኝ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ያ ትልቅ ሰው፣ የፊዚክስ መምህር፣ ድንቢጥ በምታህል ፍጥረት መሸነፉ ሆዱን በልቶታል። እኔ ብሆን አልሸነፍም ብዬ አሰብሁ።

በዚያ ዘመን ክንድ የሚያህል ሌንስ አንግቶ በጣና ዳር መንከራተት የዋዛ ነገር አልነበረም። ቀበሌ ሄጄ አመለከትሁ። ሊቀ መንበሩ "ወፍ? ወፍ ምን ያደርግልሃል?" ብለው ብዙ ጠየቁኝ፤ በመጨረሻ "ወፍ ለማንሳት ብቻ" የሚል ወረቀት ላይ ማኅተም መቱልኝ። ወደ ዓባይ ድልድይ እንዳላዞረው ግን በቃል አስጠነቀቁኝ። የድልድዩ ጠባቂዎች መጀመሪያ ቦርሳዬን ይበረብሩ ነበር፤ ኋላ ለመዱኝና ከሩቅ ሲያዩኝ "ጓድ ወፍ መጣ!" ይባባሉ ጀመር።

ደኑ ውስጥ ለመግባትስ አልተቸገርሁም። በደብሩ የሚያገለግሉት የነፍስ አባቴ ነበሩ። ስብሰባ ወይም ዘመቻ በሌለበት እሑድ ሁሉ፣ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን፣ ካሜራዬን ይዤ ወደ ዋንዛውና ወደ ዶቅማው መሐል እገባለሁ። ወፏ ስም አልነበራትም። አባን ጠየቅኋቸው፤ አያውቋትም። እንጨት ለቃሚዎቹን ጠየቅሁ፤ አያውቋትም። እኔ በልቤ "የግንድ አይጥ" አልኋት፤ አካሄዷ እንደዚያ ነውና። ከዛፉ እግር ትጀምርና ግንዱን እየዞረች ሽቅብ ትሮጣለች፤ ጫፍ ስትደርስ እንደ ደረቅ ቅጠል ቁልቁል ወርዳ ከሚቀጥለው ዛፍ እግር ላይ ታርፋለች። ስትሮጥ ትታያለች። ስትቆም የለችም። ዓይኔን ከላይዋ ሳልነቅል ትጠፋብኛለች፤ ሌንሱን አስተካክዬ እስክጨርስ ግንዱ ብቻ ይቀራል።

ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ። ኬሚካል እንጀራዬ ነውና ፊልሙን የማጥበው ራሴ ነበርሁ። ከሰል እናስቀምጥባት የነበረችውን ጓዳ ጠርጌ፣ መስኮቷን በብርድ ልብስ ደፍኜ፣ ቀይ አምፖል ሰቅዬባታለሁ። ከዚያች ጓዳ ያወጣኋቸው ፎቶዎች ግን የዋንዛ ቅርፊት፣ የዶቅማ ቅርፊት፣ የብሳና ቅርፊት ናቸው። ለሥራ ባልደረቦቼ ሳሳያቸው "ይህ ምንድን ነው?" ይሉኛል። "እዚህ ጋ ወፍ ነበረች" እላለሁ። ይህችን ቃሌን ይዘው መጫወቻ አደረጉኝ። ምሳ በልተው ሲጨርሱ ባዶ ሳህናቸውን እያሳዩኝ "እዚህ ጋ ወጥ ነበረች" ይሉኝ ነበር።

ባለቤቴ ነርስ ናት። የሸዋ ልጅ ነች፤ እኔ "ሄድሁ" ስል እሷ "ሄድኩ" ትላለች፤ በዚህ ስንቀላለድ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረን ነበር፤ ልጅ ገና አልወለድንም። እሑድ አብዛኛውን ጊዜ ተረኛ ስለምትሆን ከእኔ ጋር ደን ወርዳ አታውቅም። አንድ እሑድ ተረኛነቷ ተቀየረና "ዛሬ አብሬህ ልምጣ፤ ያቺን ጣውንቴን ልያት" አለችኝ።

አልወደድሁትም። ደኑ የእኔ ነበር። ግን ሚስትን "አትምጪ" ማለት ስለማይቻል "ወሬ የለም፣ መንቀሳቀስ የለም" ብቻ አልኋት። "እሺ" አለች። ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ተቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ቆሎ ጭኗ ላይ አፍስሳ አንድ በአንድ ትቆረጥም ጀመር። የቆሎው ድምፅ እንኳ ያናድደኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አባ ከአጥሩ በኩል ተጣሩ። ሌሊት ከብት ገብቶ አጥሩን ጥሎት ኖሯል። "ልጄ፣ እስቲ ይህን እንጨት አንዴ አንሳልኝ" አሉኝ። ካሜራ በአንገት አንጠልጥሎ አጥር አይነሳም፤ አውልቄ ለእሷ ሰጠኋት። "መሬት እንዳታስነኪው" ብዬ ሄድሁ።

እጄ አፈር በአፈር ሆኖ ስመለስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ካሜራው ጭኗ ላይ ነው። ፊቷ ቅዱስ ቁርባን የተቀበለ ሰው ፊት ይመስላል።

"መጣች" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ማን?"

"ወፍህ። እዚህ፣ ይሄ ግንድ ላይ። እግሬ አጠገብ ጀምራ ወደ ላይ ወጣች።"

"እና?"

"አነሳኋት።"

ሳቅሁ። ከልቤ ነበር የሳቅሁት። "ርቀቱን አስተካከልሽ?"

"አስተካከልኩ።"

"ብርሃኑንስ?"

"አንተ ቤት ውስጥ ስትለማመድ እንደማይህ አደረግኩ።"

"ስንት ጊዜ ተጫንሽው?"

"አንዴ።"

"አንዴ ብቻ? ለምን አልደጋገምሽውም?"

"ከዚያ በኋላማ ላያት ፈለግኩ" አለች። "ስታርፍ እኮ ክንፏን እንዲህ ዘርጋ አድርጋ ግንዱን ታቅፈዋለች። አንተ አልነገርከኝም።"

አልነገርኋትም፤ አይቼው አላውቅማ። ሁለት በጋ ሙሉ ያየሁት በሌንስ ቀዳዳ ነው፤ በባዶ ዓይኔ ላያት አስቤም አላውቅ።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣሁ ጓዳ ገባሁ። ፊልሙን ሳጥብ ደህና ነበርሁ፤ የሚወጣው ቅርፊት ነው ብዬ አምኛለሁ። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የዋንዛው ስንጥቅ መጣ። ቀጥሎ አንዲት ጥቁር ነጥብ መጣች፤ ነጥቧ ውስጥ ብርሃን አለ፤ ዓይኗ ነበር። ከዓይኗ ዙሪያ መንቁሯ፣ ደረቷ፣ ነጠብጣቧ አንድ በአንድ ወጡ። በመንቁሯ ጉንዳን ይዛለች። የጉንዳኑ እግር ሳይቀር ይቆጠራል።

ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ትንሽ ባቆየው ይጠቁርና ያልቅለት ነበር። ሐሳቡ መጣብኝ፤ ግን እጄ የቀለም ቤት እጅ ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ አነሳው። በማጽኛው መድኃኒት ነከርሁት፣ አጠብሁት፣ አሰጣሁት። ከጓዳ ስወጣ ባለቤቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"ወጣች?" አለችኝ።

"ወጥታለች።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አልሁ። እጄን ልታጠብ ወደ ደጅ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ለአብዮቱ በዓል በከተማው አዳራሽ የሥዕልና የፎቶግራፍ ትርኢት ተዘጋጀ። እኔ የፋብሪካውን የሽመና መኪናዎች ያነሳሁባቸውን ፎቶዎች አስመዝግቤ ነበር። ፎቶ የሚሰበስበው ሰው ቤት ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ወፍ አየና "ይህችስ?" አለ። "የእሷ ናት" አልሁ፤ ይዟት ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ የእኔ መኪናዎች ተሰልፈው ተሰቅለዋል፤ የሚያያቸው የለም። ሕዝቡ የተሰበሰበው የእሷ ፎቶ ፊት ነው። መጀመሪያ ያዩና "ግንድ ነው" ይላሉ። ከዚያ አንዱ ድንገት "ኧረ ወፍ አለች!" ብሎ ይጮኻል። "የታለች?" ይላሉ ሌሎቹ። ያገኘ ሰው አይሄድም፤ ያላገኙትን እያየ ለመሳቅ እዚያው ይቆማል። በዚህ የተነሳ ሕዝቡ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም።

ትርኢቱን የከፈቱት ባለ ሥልጣን ፎቶው ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ወፏን ለማግኘት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም ሊያሳያቸው አልደፈረም። ሲያገኟት ጉሮሯቸውን ጠርገው "ጓዲት፣ ይህች ወፍ ለሰፊው ሕዝብ ምን ትጠቅማለች?" ብለው ባለቤቴን ጠየቋት።

እኔ ላብ አጠመቀኝ።

"የዛፍ ተባይ ትለቅማለች፣ ጓድ" አለች።

"እንግዲያው ላብ አደር ናታ!" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አንደኛ ወጣች። ሽልማቷ ከፋብሪካችን የተሰጠ አንድ ጣቃ ጨርቅ ነበር፤ ሰማያዊ። ቀለሙን የበጠበጥሁት እኔ ነኝ። ተሸክሜ ቤት ያደረስሁትም እኔው ነኝ። በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ ያለሽ" ይላታል፤ ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ "ባለቤቷ አንተ ነህ?" ይለኛል። ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ባልደረቦቼ ሰኞ ጠዋት በደስታ ጠበቁኝ። "ለካ ወፏ ነበረች! የሚያያት ጠፍቶ ነው እንጂ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው ሆንሁ። ከገበታ መቅረት ጀመርሁ፤ "በልቻለሁ" እያልሁ። ስታወራኝ በ"እህ" እመልሳለሁ። ከሥራ በቀጥታ አልገባም፤ ሐይቁ ዳር ቆሜ ታንኳ ሲሄድ ሲመጣ አይና ሲመሽ እገባለሁ። ቅናት መሆኑን ለራሴም አላመንሁም፤ ድካም ነው፣ ጨጓራ ነው እል ነበር። አንድ ቀን ማታ ትዕግሥቷ አለቀ።

"ምን አደረግኩህ?" አለችኝ። "ንገረኝ። ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ቀንተሃል እንዴ?"

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። "አዎ ቀንቻለሁ!" ብዬ ጮኽሁ። "አዎ! እዚያ ደን ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ጥዬሽ ብሄድ! እኔ ስንት ዘመን የደከምሁበትን!"

የቀበሌ ቤት ነበር የምንኖረው፤ ከጎረቤታችን የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ጆሮዋ የተሳለ ሴት ናት። የሰማችው "ቀንቻለሁ"ን እና "ደን ውስጥ"ን ነው። መካከሉን ራሷ ሞላችው። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሚስቴ በደን ውስጥ ከሰው ጋር እንደተያዘች ያወራ ጀመር። ሰውየው የሆስፒታሉ ሐኪም ነው አሉ። አንድ ባልደረባዬ ጎን ወስዶኝ "አይዞህ፣ በዓይንህ ካላየህ አትመን" ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። መሳቅ ነበረብኝ። ይልቅ ያን ቀን ሐኪሙን በመንገድ አየሁትና ጫማው እንዴት ያለ እንደሆነ ተመለከትሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ መጣ። ሦስት ናቸው፤ አባ፣ የጎረቤታችን ባል፣ እና ፋብሪካ ስገባ ሥራ ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ አለቃዬ። ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ባለቤቴ ምንም ስላልገባት አጎንብሳ ተሳልማ፣ ጠላ ቀድታ ወደ ጓዳ ገባች። አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና ጀመሩ።

"ልጄ፣ ሰው ነህና ትቀናለህ። ቅናት ያለ ፍቅር አይመጣም። ግን እውነቱን ንገረን፤ የሆነ ነገር አለ?"

"አለ አባ" አልሁ፤ አንገቴን ደፍቼ። የሰፈሩ ሐሜት ከአእምሮዬ ጠፍቶ የፎቶውን ነገር ያወቁብኝ መሰለኝ። ባለቤቴ የነገረቻቸው መሰለኝ።

"የት ነው የሆነው?"

"እዚያው ደብሩ ደን ውስጥ።"

አባ አማተቡ። "በቤተ ክርስቲያኑ ደን?"

"አዎ። እርስዎ አጥሩን አንሳልኝ ብለው የጠሩኝ ዕለት።"

"እኔ በጠራሁህ ሰዓት!" አሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። አለቃዬ በቁጣ ተጠጉኝ። "አንተ በዓይንህ አይተሃል?"

"እኔማ የት አይቼ! ያየቻት እሷ ናት።"

"ያየቻት?" አሉ አለቃዬ። "ያየቻት ነው ያልኸው? ሴት ናት?"

"ሴትነቷን አላውቅም" አልሁ። "ወፍ ናት።"

ከጓዳ በኩል እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስትስቅ ነበር። ከዚያ ፎቶውን ይዛ ወጣችና አባ እጅ ላይ አኖረችላቸው።

አባ መነጽራቸውን አወጡ። "ይህ ዋንዛ ነው" አሉ።

"ገልብጠው ይዘውት እንዳይሆን" አለ የጎረቤታችን ባል፤ ተቀብሎ አዞረው። "አሁንም ዋንዛ ነው።"

ባለቤቴ በትንሿ ጣቷ አሳየቻቸው። አባ ትንፋሻቸውን ዋጡ። "በእግዚአብሔር ስም! እኔ ከዚህ ደን ሥር ሸምግያለሁ፤ ይህችን ፍጥረት አይቻት አላውቅም።" ደግመው ደጋግመው አዩዋት። አለቃዬ ግን ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። "ለዚህ ነው ጫማ ያስደረጋችሁኝ?" እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። የጎረቤታችን ባልም ተከተላቸው። እኔም ሊያልፍልኝ ነው ብዬ ፈገግ ማለት ጀመርሁ።

"አትሳቁ" አሉ አባ። ሳቁ ቆመ። "ቃየል በአቤል የቀናው በሴት ነው? በመሥዋዕት ነው። የወንድሙ አረገ፣ የእሱ ቀረ፤ ይኸው ነው ነገሩ። ይህ ልጅ በሌላ ወንድ ቀንቶ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ያ ውሸት ሆኖ ይበርድለታል። ይኼኛው እውነት ነው። ፎቶዋ ያምራል፤ ያነሳችው እሷ ናት። ምን ይሁን?"

ፊቴ ነደደ። ከመጡት ሁሉ የገባቸው አባ ብቻ ነበሩ፤ የገባቸው መሆኑ ደግሞ ከሳቁ ይልቅ አሳፈረኝ።

ብይናቸው አጭር ነበር። ካሜራው በተራ ይያዝ፤ አንድ እሑድ የእሱ፣ አንድ እሑድ የእሷ፤ ተራው ያልሆነ ዝም ብሎ ይቀመጥ። በሰፈሩ የሚያወራውን ደግሞ የጎረቤታችን ባል ቤቱ ገብቶ ዝም ያሰኝ። ባርከውን፣ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

"ካሜራው እኮ ያንተ ነው" አለችኝ ባለቤቴ ሲወጡ። "እኔ ባልይዘውም ቅር አይለኝም።"

ይህም አበሸቀኝ። ቅር ቢላት እመርጥ ነበር።

በብይኑ መሠረት እሑድ እሑድ አብረን እንወርድ ጀመር። ነገሩ የበረደልኝ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ተራ ሲሆን ትነግረኛለች፤ "እዚያ፣ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ በታች።" "የቱ ቅርንጫፍ?" "ይሄ ጠማማው።" አያለሁ፣ አያለሁ፣ ቅርፊት ነው። "በረረች" ትለኛለች። ዓይኗ ሥራ የለመደ ዓይን ነው፤ ከስታ ከደረቀች ሕፃን ክንድ ላይ ደም ሥር የምታገኝ ሴት ናት። የእሷ ተራ ሲሆን ደግሞ ጠዋት ተነሥቼ ሰማዩን አያለሁ፤ ደመና ከሆነ ልቤ ቀለል ይለዋል። እንዲህ እያልን ክረምት ገባ፣ ወጣ፣ እኔ አንዲት ደህና ፎቶ አላገኘሁም። እሷ ሁለት ጨመረች።

ከዚያ የሰፈራው ሰሞን መጣ። ለሰፋሪዎቹ ሕክምና ወደ መተከል ነርሶች ሲላኩ የእሷም ስም ወጣ። ዝግጅት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ተነገራት፣ ልብሷን ከተተች፣ በጭነት መኪና ላይ ወጣች። ቆላ ነው፤ ወባ እንደ ዝናብ የሚወርድበት ነው ይባላል። መኪናው ሥር ቆምሁ። እሷ ከላይ ሆና ሳቀችና "እሑዶቼን እንዳትወስድብኝ" አለችኝ። መኪናው ተነሣ።

ለጥቂት ሳምንት ደን አልወረድሁም። ቤቱ ዝም ብሎ ሲከብደኝ ግን አንድ እሑድ ካሜራዬን አንስቼ ሄድሁ። ወፍ አምሮኝ አልነበረም። እሷ የተቀመጠችበት ዋንዛ ሥር ተቀመጥሁና ጫማዬን አወለቅሁ። ስለ መተከል ሳስብ፣ ብትታመም ውኃ የሚያጠጣት ሰው አለ ወይ ስል፣ ጭንቅላቴን ግንዱ ላይ ጣል አደረግሁና ቀና ብዬ አየሁ። ከራሴ በላይ፣ ቅርንጫፉ ከሁለት በሚከፈልበት ላይ፣ እብጠት የሚመስል ነገር አለ። በሸረሪት ድርና በዛፍ ሽበት ተለብጧል፤ ማንም ቢያየው የዛፉ ቁስል ነው ይላል። ቁስሉ አፉን ከፈተ። ቢጫ አፍ። ጫጩት ነበር።

እናትየዋ መጣች። እንደ ልማዷ ከግንዱ እግር፣ ከትከሻዬ አጠገብ ጀመረች፤ ጥፍሯ ቅርፊቱን ሲቧጥጥ ይሰማኛል። ወጣች፣ ደረሰች፣ ክንፏን ዘርጋ አድርጋ ግንዱን አቀፈችውና አንገቷን ወደ ጫጩቷ አዘነበለች።

ተራው የባለቤቴ ነበር። አነሳሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ ተነሣሁ። ለማን ልንገር? አባ ለቀብር ሄደዋል። ድልድዩ ላይ ለጠባቂዎቹ "አገኘኋት!" አልኋቸው፤ "ማንን?" አሉኝ፤ አዲሶች ነበሩ።

ፎቶው ሲታጠብ ከእሷ ፎቶ ይበልጣል። ይህን የምለው አድልቼ አይደለም፤ እናት አለች፣ ልጅ አለ፣ በአፋቸው መካከል ትል አለ፣ ብርሃኑ ከጎን ገብቶ ጎጆውን ከቅርፊቱ ለይቶታል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚቀረኝ፤ ፊቷን ማየት። ፎቶውን ስታይ፣ ያ እኔን ሲበላኝ የኖረው ነገር ዓይኗ ላይ ብልጭ ሲል ማየት። ለዚያ ቀን ብዬ የምናገረውን ሳይቀር አዘጋጀሁ፤ "አይ፣ ያንቺም እኮ ደህና ነው" ልላት ነበር።

ከወራት በኋላ መጣች። አውቶቡስ መናኸሪያ ስቀበላት መጀመሪያ አላወቅኋትም። ጉንጯ ገብቷል፣ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል፣ የእጅ ሰዓቷ ወደ ክርኗ ይንሸራተታል። ቤት እንደገባን እግሯን ውኃ ውስጥ ከተተች። ትንሽ ልታርፍ ይገባት ነበር። እኔ ግን አልቻልሁም፤ ፎቶውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።

እጇን ቀሚሷ ላይ አድርቃ ተቀበለችኝ። ወዲያው አገኘቻቸው፤ አልፈለገቻቸውም እንኳ። "ውይ፣ ጫጩት!" አለች። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየች። እኔ ፎቶውን ሳይሆን እሷን አያለሁ። በዚህ ነገር አዋቂ ነኝ፤ ቅናት ከየት እንደሚጀምር፣ ከንፈር ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ፈለግሁ። የለም።

"ያንተ ይበልጣል" አለች። "እንዴት ደስ ይላል። ከየት አገኘኸው?"

"ካንቺ ዋንዛ ላይ። በተራሽ።"

"እንኳን አገኘኸው" አለች፤ ፎቶውን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ጋደም አለች። "እዚያ እናትና ልጅ እንዲህ ሆነው ካየሁ ቆየሁ።" ከዚያ በላይ ስለ መተከል አልተናገረችም፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

የሚቀጥለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ትኩሳቷን በመዳፌ እየለካሁ፣ እንደገና ቀናሁባት። በፎቶ አልነበረም። የሌላውን ሰው መልካም ነገር እንዲህ ተኝታ የምታቅፍ መሆኗ ነው ያስቀናኝ። እኔ ያን ፎቶ ሳነሳ እንኳ በእሷ ላይ ነበር ያነሳሁት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ፣ ትኩሳቱ ሳይለቃት ተነሥታ፣ ከአልጋው በላይ የነበረውን የራሷን ፎቶ አውርዳ የእኔን ሰቅላዋለች።

"ለምን አወረድሽው?" አልኋት።

"ሚስማሩ አንድ ነው።"

ጎረቤት ሄጄ ሚስማርና መዶሻ ለመንሁ። አልጋው ላይ ቆሜ፣ እሷ ከእግሬ ሥር በብርድ ልብስ ተጠቅልላ እያየችኝ፣ ሁለተኛውን ሚስማር መታሁና ፎቶዋን ሰቀልሁት።

"የእኔ ዝቅ አለ" አለች።

"ግድግዳው ነው" አልሁ።